በማን ስም ልጻፈው?

ለቡና አምራች ገበሬዎች መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴዎች
ለቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች ቦርዶች
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ኅብረት ሥራ ኮሚሽን፣ ለኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ የሚስትን ስም በአባላት መዝገብና በመረከቢያ ደረሰኝ ላይ ስለማስፈር

የተከበራችሁ የኮሚቴና የቦርድ አባላት፣

ጥቅምት መገባደጃ ላይ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፎ፣ ጌዴኦ ውስጥ ካለ የማኅበር ሳይት፣ ማለትም የእሸት ቡና መረከቢያ፣ በር ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው የምለው ነገር አዲስ አይሆንበትም። እሸት ቡና የዕለት ነው፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙ የዋሉ ሴቶች ማታ ማታ ጆንያቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። አንዳንዷ ከፊት ሕፃን፣ ከኋላ ቡና ነው። ይሰለፋሉ። መዛኙ ኪሎውን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ እኔ ደግሞ ከሚዛኑ አጠገብ ካለች አንዲት የተወላገደች ጠረጴዛ ላይ ብዕሬን አንሥቼ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «በማን ስም ልጻፈው?»

ዘጠኝ የቡና ወቅት ይህን ጠይቄያለሁ። መልሱም ዘጠኙንም ጊዜ አንድ ነበር፤ የባል ስም። አንድ ማታ ብቻ አንዲት ጠና ያለች እናት ጆንያዋን ከሚዛኑ ላይ እያወረደች «በተሸከመው ስም ጻፊው» አለችኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የባሏን ስም ጻፍኩ፤ ደረሰኙን ቀድጄ ሰጠኋትና ወደ ቀጣይዋ ዞርኩ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ሳቅ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሥራውን ከተውኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። የሠራሁበትን ማኅበር ስም አልጠራም፤ ከጎረቤት ማኅበራት ጸሐፊዎች ጋር ስንገናኝ ሁላችንም የምንጽፈው አንድ ዓይነት ነበርና ጥፋቱን ለአንዱ ብቻ ማሸከም ተገቢ አይደለም። የራሴን ግን እወስዳለሁ። ብዕሩ በእኔ እጅ ነበር።

የምጠይቃችሁ ነገር ሲያዩት ትንሽ ነው። በአባላት መዝገብና በመረከቢያ ደረሰኝ ላይ የሚስትም ስም ይግባ፤ ገንዘቡም በስሟ የገባውን ያህል ለራሷ በእጇ ይከፈል። እንዴት ሊሆን እንደሚችል በኋላ እመጣበታለሁ።

ማኅበር ለቡና ገበሬ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስተማር የእኔ ቦታ አይደለም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ ልጅ ነበርኩ፤ ግን የቤታችንን ዝምታ አስታውሳለሁ። የለቀማው ወጪ ከሽያጩ በልጦ ቡናው ዛፉ ላይ ደርቆ የቀረበት ቤት ነበር፤ ነቅሎ ጫት የተከለም ነበር። ማኅበራቱን ያሰባሰቡት ዩኒየኖች የተወለዱት በዚያ ጭንቅ ዙሪያ ነው፤ የኦሮሚያው በ1991፣ የሲዳማው በ1993፣ የይርጋጨፌው በ1994። ነጋዴውን ተሻግሮ ለውጭ ገዢ በቀጥታ መሸጥ፣ ከትርፉም ለገበሬው ሁለተኛ ክፍያ መመለስ ያን ጊዜ ሕልም ይመስል ነበር። የኦሮሚያው ዩኒየን ከተጣራ ትርፉ 70 ከመቶውን ለአባል ማኅበራቱ ይመልሳል ሲባል አባቴ «ነጋዴ ትርፉን የመለሰው መቼ ነው?» ብሎ አላምንም ማለቱ ትዝ ይለኛል። በኋላ ግን አመነ፤ ሁለተኛ ክፍያ በእጁ ሲገባ ማመን ቀላል ነው።

ፌርትሬድ የሚባለው የፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫም የመጣው በዚሁ በር ነው። የሚሰጠው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የወለል ዋጋ ነው፤ ገበያው የፈለገውን ያህል ቢወርድ በዚህ ውል የሚገዛ ሰው ከወለሉ በታች አይከፍልም። ለታጠበ አረቢካ ቡና ወለሉ በፓውንድ 1.40 ዶላር ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ወደ 1.80 ከፍ ብሏል። ሌላው ፕሪሚየም የምንለው ነው፤ ከዋጋው በላይ በፓውንድ 20 ሳንቲም። ከዚህ ቢያንስ አምስቱ ሳንቲም ለምርታማነትና ለጥራት መዋል አለበት፤ የቀረው በምን ላይ እንደሚውል ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል። ቡናችን ሰርተፊኬት ስላለው ብቻ ሁሉም በዚህ ውል ይሸጣል ማለት አይደለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ገዢ ካልተገኘለት እንደ ማንኛውም ቡና ይሄዳል።

ቢሆንም የተገኘው ትንሽ አይደለም። ጸሐፊ ነበርኩና ልማዴ ነው፣ ላስላው። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ይይዛል፤ ጆንያው 60 ኪሎ ነው፤ ድምሩ 19,200 ኪሎ፣ በፓውንድ ከ42,300 በላይ። ፕሪሚየሙ ብቻ ወደ 8,460 ዶላር ይመጣል። አሁን ደግሞ ወደ ኋላ እንቁጠረው። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ ያ ኮንቴይነር 115,000 ኪሎ እሸት ነው። አንዲት ሴት በቀን 30 ኪሎ ትለቅማለች ብንል ከ3,800 የለቀማ ቀን በላይ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ኩትኳቶውን፣ አረሙን፣ የታጠበውን ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ እየለዩ ማድረቁን ሳይጨምር ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሴቶች በቡና ምርት ውስጥ እስከ 70 ከመቶ የሚደርስ ጉልበት ያዋጣሉ፤ በሴት የሚመሩት የቡና ማሳዎች ግን ከ20 እስከ 30 ከመቶ ናቸው። ለእኔ ጥናቱ አላስፈለገኝም፤ የማታው ሰልፍ ይበቃኝ ነበር።

እንግዲህ ያ 8,460 ዶላር የት ይዋል ተብሎ ጉባኤ ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ ማን አለ?

አባል አለ። አንድ አባል አንድ ድምፅ፤ ከኅብረት ሥራ መርሆዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው። የመቶ ዛፍ ባለቤትና የሺህ ዛፍ ባለቤት እኩል እጅ ያወጣሉ። ግን አባል ማን ነው? በእኛ መዝገብ አንድ ቤት አንድ ስም ነበረው፤ እሱም የአባወራው። ሴት መዝገቡ ላይ የምትገባው ባሏ ሲሞት ነው፤ ያውም ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ልጅ ከሌላት። በሌላ አነጋገር ሴት አባል እንድትሆን አንድ ሰው መሞት ነበረበት።

አንድ ዓመት ጉባኤው ፊት ሁለት አሳብ ቀረበ፤ ምንጭ ማጎልበት ወይስ ለጽሕፈት ቤቱ የግንብ አጥር። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ክርክሩ አጭር ነበር። ስለ አጥሩ ብዙ ሰው ተናገረ፤ ሚዛኑ እንዳይሰረቅ፣ ከብት እንዳይገባ፣ የጎረቤት ማኅበር እንኳ አጥር እንዳለው። ስለ ምንጩ ሁለት ሰው ብቻ ተናገረ፤ አንዱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ድምፅ የላትም። አጥሩ አሸነፈ። ክፋት አልነበረበትም፤ እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ እንስራ ይዞ ወደ ምንጩ የሚወርድ ማንም ስላልነበረ ነው። የሚወርዱት ከአዳራሹ ጀርባ ለጉባኤተኛው ምሳ ይሠሩ ነበር። አጥሩ ዛሬም ቆሟል፤ ጥሩ አጥር ነው።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ሳልናገረው ብቀር ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆንብኛል። ከእኛ ሳይት ብዙም ሳይርቅ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ ለረጅም ጊዜ ታሞ ተኝቶ ነበርና በዚያ ዓመት ቡናውን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የለቀመችውም ያመጣችውም እሷ ነች። በሚያዝያ ሞተ። ሁለተኛው ክፍያ በሐምሌ መጣ። እንደምታውቁት ሐምሌ ቤት የሚራቆትበት ወር ነው። መጣች፤ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታችና ደረሰኞቹን በሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችልኝ፤ አንድም አልጎደለም። ስሙ የባሏ ነው። ገንዘብ ያዡ «የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አምጪ» አላት። ትክክል ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው። ግን ፍርድ ቤቱ ወረዳው ከተማ ነው፤ ምስክር ይጠይቃል፣ መጓጓዣ ይጠይቃል፣ ቀጠሮ ይጠይቃል። በመሐል የሟቹ ወንድም «የወንድሜ ገንዘብ ነው» ብሎ ቀበሌ አመለከተ። ጉዳዩ እስከ ጥር ተጓተተ። እስከዚያ ድረስ ሴትዮዋ የሚቀጥለውን ዓመት ቡና ገና አረንጓዴ ሳለ ዛፉ ላይ ለነጋዴ ሸጠችው፤ ዋጋውን እናንተ ገምቱት።

ከዚህ ሁሉ ያልለቀቀኝ ግን የደረሰኞቹ ጽሑፍ ነው። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነበር። እያንዳንዱን የጻፍኩት እሷ ከፊቴ ቆማ ሳለ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ጥቅም ልምጣ፤ ኮሚቴ በርኅራኄ ብቻ እንደማይሠራ ተምሬያለሁና።

ሴቲቱ ወደ ማኅበሩ ያመጣችው ቡና ወደ ባሏ ስም እንደሚገባ ታውቃለች። እሷ ደግሞ ዛሬ ጨው ያስፈልጋታል፤ ነገ የልጅ ደብተር፤ ከነገ ወዲያ ክሊኒክ። ስለዚህ ከለቀመችው ላይ ጥቂት ትለይና መንገድ ዳር ለሚጠብቃት ገዢ በጣሳ ትሸጣለች። ወይም እቤት አድርቃ ጀንፈሉን በገበያ ቀን በነጠላዋ ቋጥራ ትወጣለች። ዋጋው ከማኅበሩ ያንሳል፤ ጣሳው ደግሞ ሁልጊዜ ከልክ በላይ የተቆለለ ነው። ግን ገንዘቡ የእሷ ነው። ይህን በእኛ ኮሚቴ ስብሰባ «ስርቆት» ብሎ የጠራ ሰው ሰምቻለሁ። የተከለችውን፣ የኮተኮተችውን፣ የለቀመችውን ቡና እንዴት ነው የምትሰርቀው? በችኮላ የሚለቀም ቡና ደግሞ ቀዩን ከአረንጓዴው አይለይም፤ ባል ሳያይ መሰብሰብ አለበትና። ዩኒየኑ የገባውን ውል የሚያጎድለው ከየቤቱ በጣሳ የሚወጣው ይህ ቡና ነው። ከአንድ ቤት ትንሽ ነው፤ ከሺህ ቤት ኮንቴይነር ይሞላል።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገበያ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። እንደዚህ ባለ ዓመት የፌርትሬድ ወለል ዋጋ ከገበያው ሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ ይዞ በየደጁ ይቆማል፤ ማኅበሩ ደግሞ ብድር እስኪለቀቅለት ይጠብቃል። ያን ጊዜ ማኅበሩን የሚያድነው የአባሉ ታማኝነት ነው። አባል ያላደረጋችኋትን ሴት ታማኝ ሁኚ ብላችሁ በምን አፋችሁ ትጠይቋታላችሁ? ቡናውን ለማን እንደምትሸጥ ከጆንያው በታች ሆና የምትወስነው እሷ ናት።

የሚነሡትን መቃወሚያዎች አውቃቸዋለሁ፤ ለዓመታት ቃለ ጉባኤ ይዣቸዋለሁ። «እኔና እሷ አንድ ነን፤ ምን መለየት ያስፈልጋል?» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት አንድ ከሆናችሁ እንግዲያው የእሷ ስም ይጻፍና የእናንተ ይቅር፤ ለውጥ የለውምና። (ይህን አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ተናግሬ ሊቀ መንበሩ ከሳቁ በኋላ አጀንዳውን አዘዋወሩት።) «ቤት ይፈርሳል» የሚሉም አሉ። በእኔ ዓይን ቤት ሲፈርስ ያየሁት ባል ሁለተኛውን ክፍያ ይዞ ከተማ ሲገባና ለሦስት ቀን ሳይመለስ ሲቀር ነው። «አንድ ቤት ሁለት ድምፅ ሊኖረው ነው» የሚለው ግን ቁም ነገር አለው፤ አልንቀውም። ለዚህ መልስ አለ፤ ሁለቱም በየስማቸው ዕጣ (የማኅበሩን ድርሻ) ይግዙ፣ በየስማቸው ቡና ያቅርቡ፣ ያኔ ሁለት አባል ናቸውና ሁለት ድምፅ ይገባቸዋል። ይህን ያልፈለገ ማኅበር ቢያንስ ቤተሰቡን በሁለት ስም መዝግቦ ድምፁን በተራ ያድርገው። ሁለትና ሦስት ሚስት ያለው ሰውም አለ፤ ከባዱ እሱ ነው። ግን እያንዳንዷ የምትይዘው ማሳ እየታወቀ፣ የሁሉም ቡና በአንድ ወንድ ስም ሲገባ ኖሯል፤ ከዚያ የከፋ ግራ መጋባት ሊመጣ አይችልም።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አልሄድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴት ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የመቆጣጠር መብቷን፣ በመሬት ላይም ከወንድ እኩል መሆኗን ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ም አባልነትን ለወንድ ብቻ አልሰጠም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ቤት ሣጥን ውስጥ የሁለቱም ስም ያለበት የመሬት ደብተር አለ። ያ መሬት ላይ የበቀለው ቡና ግን ሳይቱ በር ሲደርስ የአንድ ሰው ይሆናል። ከሣጥኑ እስከ ሚዛኑ ባለው መንገድ ላይ ስሟ የት ወደቀ?

ደግሞም ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይህች አገር አታውቅም ማለት አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት «ይርጋጨፌ»፣ «ሲዳሞ» እና «ሐረር» የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲነሣ፣ ከስታርባክስ ጋር ሳይቀር ሙግት ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በስምምነት አለቀ። ያን ጊዜ በዲላ ሻይ ቤቶች ሁሉ ወሬው እሱ ነበር፤ «ስማችንን አስመለስን» ይባል ነበር። ልክ ነበሩ። ቡናው በስሙ ካልተጠራ ዋጋውን ሌላ ሰው ይወስደዋል ብለን ለዓለም ተከራክረናል። ይኸው ክርክር ከሳይቱ በር ወደ ውስጥ ሲገባ ለምን እንግዳ ይሆናል?

ስለ እንግዳ ካነሣሁ፣ ከሰርተፊኬት ሰጪዎችና ከገዢዎች ጋር የሚመጡትን ፈረንጆች የምንቀበልበትን መንገድ ሳልነካ አላልፍም። አልጋ ላይ ቡና የሚለዩት ሴቶች ንጹሕ ነጠላ እንዲለብሱ ይነገራቸዋል። ረከቦት ይወጣል። የሴቶች ጉዳይ ተጠሪዋ ትጠራለች፤ ከዓመት እስከ ዓመት የምትጠራው ለዚህ ነው። ቡና ታፈላለች፣ ፎቶ ትነሣለች፣ ይጨበጨባል። አንድ ጊዜ ከእንግዶቹ አንዷ በዓመቱ ስትመለስ የቆላ ቡና ማሸጊያ አምጥታ አሳየችን። ላዩ ላይ የእኛ መንደር ሴት ፎቶ አለ፤ እጅዋን ሙሉ ቀይ እሸት ይዛ ትስቃለች። ጎበዝ ፎቶ ነው። እኔ ወዲያው መዝገቡን ገለጥኩ፤ ለራሴ እንጂ ለማንም አላሳየሁም። ስሟ የለበትም። ሳይቱ ላይ በቀን ሂሳብ የምትሠራ ነች፤ አባል ስላልሆነች ፕሪሚየሙም አይመለከታትም። የእነዚህ የቀን ሠራተኞች ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው የኤክስፖርት ቡና የሚለቅሙትን ብዙ ሴቶች ጨምሮ። ለዛሬ ይቆየኝ።

ለምን አሁን ትሉ ይሆናል። አሁን የሆነበት ምክንያት አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ሕግ አውጥቷል። ሕጉ የሚተገበርበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተገፍቷል፤ ዝግጅቱ ግን አልቆመም። ስለዚህ ባለሙያዎች ስልክና መለኪያ ይዘው ማሳ ለማሳ እየዞሩ ነው። እያንዳንዱ የቡና ቦታ ካርታ ላይ ይሰፍራል፤ ከጎኑ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። እንደ አዲስ የሚከፈት መዝገብ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ አጋጣሚ በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ አይመጣም። ዛሬ አንድ ስም ብቻ ከተጻፈ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ይደነድናል፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከል የመሬት ሙግት ያህል ይከብዳል። ባለሙያው አንዴ ማሳው ላይ ቆሞ ሳለ ሁለተኛ ስም ለመጻፍ የሚፈጅበት ግማሽ ደቂቃ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ ቡናውም እንሰቱም ከነትልልቅ ዛፎቹ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእንሰቱ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ የሚፍቀው፣ የሚቀብረው፣ ቆጮ የሚያደርገው የሴት እጅ ነው። መሬቱ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ብሎናል፤ አጠገቡ የሚጻፈው ስም ግን የግማሹ ሰው ብቻ እንዳይሆን ነው ልመናዬ።

ሊሆን የማይችል ነገር አልጠየቅሁም። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ በስምጥ ሸለቆው ደጋ ባሉ ማኅበራት፣ ፌርትሬድ ከማኅበራቱ ጋር ሆኖ ባሎች ከቡና ዛፋቸው የተወሰነውን ለሚስቶቻቸው እንዲያስተላልፉ አግባብቷል። ሴቶቹ በራሳቸው ስም አባል ሆኑ፣ በራሳቸው ስም አቀረቡ፣ የሴቶች ቡና ተብሎም ለብቻው ገበያ አገኘ። ባሎቹ የሰጡት ዛፍ እንጂ መሬት አልነበረም፤ ብልሃቱ እሱ ነው። መሬት ሲባል ወንድም፣ አጎት፣ ጎሳ ይነሣል። ዛፍ ሲባል ግን በሁለት ሰው መካከል ያልቃል። ለእኛም አገር ይህ መንገድ የሚያዋጣ ይመስለኛል፤ አባት ለልጁ የቡና ዛፍ መስጠቱ እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ለሚስቱ መስጠቱም አይሆንም።

አሠራሩን በተመለከተ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ያሰብኩትን ልናገር፤ እናንተ ታሻሽሉታላችሁ። የመመዝገቢያውና የዕጣው ገንዘብ ብዙ ሴቶችን የሚያስቀረው እሱ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከሁለተኛው ክፍያ ላይ በሁለትና በሦስት ዓመት እየተቀነሰ ይከፈል። ባልየው አባል ከሆነ ዕጣውን ከእሱ ላይ ከፍሎ ማካፈልም ይቻላል። ፕሪሚየሙ ውስጥ ለጥራትና ለምርታማነት የተለየችው አምስት ሳንቲም አለች፤ ከአንድ ኮንቴይነር ከ2,100 ዶላር በላይ ናት። ቡናው ጥራት የሚያገኘው በለቃሚዋ እጅ ከሆነ፣ ከዚያ ላይ ጥቂት ቀንሶ ለአዲስ ሴት አባላት ዕጣ መደጎም ከጥራት ሥራ የወጣ ነገር አይደለም። ጉባኤው በገበያ ቀን ጠዋት አይጠራ። በለቀማ ወቅትም አይጠራ። ልጅ ያዘለች ሴት ስትገባ በር ላይ «ምን ፈልገሽ ነው?» የሚል ዘበኛ አይቁም፤ የሆነ ነገር ነው የምላችሁ። ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት በቋንቋቸው ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ ብዙዎቹ የሚፈርሙት በአውራ ጣት ነው። ክፍያውም በባንክ ከሆነ ሒሳቡ በስሟ ይከፈት፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ የደረሰኙ ባለቤት ራሷ ትፈርም። «ለባለቤቴ ስጡልኝ» የሚል ቃል ከእንግዲህ ከሁለቱም ወገን ተቀባይነት አይኑረው፤ ከሚስትም ከባልም።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ታደርጋላችሁ ብትሉኝ ደረሰኙን እመርጣለሁ። አባልነት ጉባኤ ይፈልጋል፣ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ይፈልጋል፣ ዓመት ይወስዳል። ደረሰኝ ግን የማተሚያ ቤት ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ የመረከቢያ ደረሰኝ ጥራዝ በነሐሴ ይታዘዛል፤ መስከረም ላይ ይደርሳል፤ ጥቅምት ላይ ሥራ ይጀምራል። አሁን ያለው ደረሰኝ «የአባሉ ስም» የሚል አንድ መስመር አለው። ከሥሩ «ያቀረበችው/ያቀረበው» የሚል ሁለተኛ መስመር ይጨመርበት። ማተሚያ ቤቱ ለአንድ መስመር ተጨማሪ ዋጋ አይጠይቅም፤ ጠይቄ አውቃለሁ። ባል ሲሞት፣ ሲከዳ፣ ሲጣላ፣ ያ መስመር ምስክር ይሆናል። ሴትዮዋ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ስትፈታ ከወረቀቱ ላይ የራሷን ስም ማግኘት አለባት።

የዘንድሮው ጥራዝ ገና ካልታዘዘ ጊዜ አለ። ታዝዞ ከሆነም በእያንዳንዱ ደረሰኝ ኅዳግ ላይ በእጅ ይጻፍ፤ ቦታ አለው፣ በግራ በኩል ሁለት ጣት ስፋት ያህል ባዶ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የማኅበር መዝገብ ጸሐፊ
ጌዴኦ ዞን